ኤልበ ወንዝ ላይ ሴፍቲ ኮንቱር ስንት ይደረግ?

የጣና_ልጅ፦
ሰላም የሙያ ወንድሞችና እህቶች። በኤልበ ወንዝ ጀርመን ሃምቡርግ ለመግባት የጉዞ ዕቅድ እየሠራሁ ነው። ኮንቴይነር መርከብ ነው፤ ድራፍት (ከውሃው ገጽ በታች ያለው የመርከቡ ጥልቀት) በባሕር ውሃ 12 ሜትር፣ ወርድ 40 ሜትር፣ ብሎክ ኮኤፊሸንት (ውሃ ውስጥ ያለው አካል በዚያው ልክ ካለ ሳጥን የሚሞላው ድርሻ) 0.70፣ ፍጥነት 10 ኖት (በሰዓት 10 የባሕር ማይል)። የሚያስፈልገውን ጥልቀት ሳስገባ ኢክዲሱ (የኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታው) የ20 ሜትሩን መስመር ሴፍቲ ኮንቱር (ደህናውን ውሃ ከአደገኛው የሚለይ የጥልቀት መስመር) አድርጎ መረጠና ወንዙ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ዕቅዱን ስፈትሽም ማስጠንቀቂያው ማለቂያ የለውም። ታይዱን (የባሕሩ ሙላት የሚጨምረውን ከፍታ) ከሚያስፈልገው ጥልቀት ልቀንስለት?

ባሕረኛ_ከቢሾፍቱ፦
መጀመሪያ ስሌቱን እንይ። ሃምቡርግ ላይ ውሃው ጨው የለውም፤ መርከቡ ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል (ትክክለኛውን ከስታቢሊቲ ቡክሌት፣ ከመርከቡ የሚዛን መጽሐፍ፣ ውሰድ)። ስኳት (መርከቡ ሲሄድ ተጨማሪ ዝቅ የሚልበት መጠን) በጠባብ ውሃ 2 × 0.70 × 10 × 10 ÷ 100 = 1.40 ሜትር። በመታጠፊያ ላይ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል ከወርዱ ግማሽ፣ ከ20 ሜትር፣ 35 ሳንቲ ይመጣል። ከ12 ሜትሩ ድራፍት ጋር ድምሩ 14.02። ድርጅትህ ከሆዱ በታች የድራፍቱን 10 በመቶ ትርፍ ውሃ የሚጠይቅ ከሆነ 1.20 ጨምር፤ 15.22 ሆነ። ከ15 በ22 ሳንቲ ስላለፈ ነው 20ን የመረጠው፤ ካርታው ላይ በመካከል መስመር ከሌለ ሁልጊዜ ቀጣዩን ጥልቅ ነው የሚወስደው።

ታይዱን መቀነስ ይቻላል፣ ግን ካፒቴኑ ፈቅዶ በዕቅዱ ላይ ተጽፎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው፣ በዚያ ሰዓት ሊኖር የሚችለውን ዝቅተኛውን ከፍታ ይዞ። 2 ሜትር ቢገኝ 13.22 ይቀራል፤ ያኔም ቀጣዩን ጥልቅ፣ 15ን፣ ይመርጣል። ስለዚህ ሴፍቲ ዴፕዝ (ከሱ የማይበልጡ የጥልቀት ቁጥሮች ደምቀው የሚታዩበት ልክ) 13.22 አድርገህ የደመቁትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ተከተል፣ መሄድ የማይቻልበትንም በእጅህ መስመር አስምር። ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት መፍትሔ አይደለም፤ እውነተኛው ሲመጣ ማንም አይሰማውም።

የመውጫውን ዕቅድ ደግሞ ከመግቢያው አትገልብጥ። ሙላቱ ሃምቡርግ የሚደርሰው በወንዙ አፍ ካለው ከኩክስሃፈን ከ3 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው፤ ገቢ መርከብ አብሮት ይጓዛል፣ ወጪው ግን እየጎደለ ያለውን ውሃ ፊት ለፊት ያገኘዋል። የምሥራቅ ነፋስ ሲበረታም ውሃው ከሠንጠረዡ በታች ይወርዳል።

ራዳር_እና_ሽቦ፦
ከኤሌክትሪክ በኩል፦ መርከብ ስትቀይር ሁለት ነገር አረጋግጥ። ኤኮ ሳውንደሩ (በድምፅ ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ) የሚያሳየው ከመርከቡ ሆድ በታች ነው ወይስ ከውሃው ገጽ? 4 ሜትር ሲል አንዱ ሰላም ነው፣ ሌላው የተበላሸ ንባብ ነው፤ ልዩነቱ ሙሉ ድራፍቱ ነው። ሁለተኛው የጂፒኤስ አንቴናው ቦታ። አንቴና ተቀይሮ ልኬቱ ካልታረመ ኢክዲሱ መርከቡን በዚያው ሜትር ያህል አዛብቶ ይሥለዋል። በሰፊ ባሕር አይታወቅም፣ በወንዝ ግን ብዙ ነው። ወደብ ላይ ታስራችሁ ሳላችሁ የመርከቡ ሥዕል ከበርዙ (መርከቡ ከታሰረበት የወደብ ጠርዝ) መስመር ጋር መግጠሙን ተመልከቱ።

እናት_መልሕቅ፦
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ፍጥነቱ ላይ ግን ልጨምር። ስኳት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፦ 7 ኖት ላይ 0.69 ብቻ ነው። ጥልቀት የጠበበበት ቦታ ላይ 70 ሳንቲ የምታገኘው በዚህ ነው። የሞተሩ ዙር ሳይቀነስ ፍጥነት ከወረደ፣ መርከቡ ከተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ያለው ማዕበል ካደገ፣ መሪውም ከዘገየ መሬቱ ቀርቧል። ዳርቻ ስትጠጉ አፍንጫው ወደ መሃል ይሸሻል፣ ኋላው ወደ ዳርቻው ይሳባል፤ ያኔ ፍጥነት መጨመር ያባብሰዋል። ሁለቱም የመሪ ፓምፖች ይሥሩ፣ መሪው በእጅ ይያዝ፣ መልሕቁ ላይ ሰው ይቁም። ፓይለቱ (መርከቡን የሚመራው የአካባቢው ባለሙያ) በወንዙ ላይ ባለችው ብሩንስቡተል ሲቀየርም ድራፍቱን፣ የተሰላውን ስኳትና የተቀነሰውን ታይድ ለአዲሱ እንደገና ንገሩ።