ክፍት ልግዛ ወይስ ዝግ? ሄድፎን መምረጥ አቃተኝ

ሰላም ጎበዞች፣ እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ። የድሮው ሄድፎኔ አንድ ጆሮው ዝም አለ። ገመዱን ጠምዘዝ አድርጌ በጣቴ ካልያዝኩት አይሰማም፣ ስለዚህ ልቀይረው ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ከመንገዱ የሚለየኝ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ባጃጁ ሁሉ አልጋዬ ሥር የሚያልፍ ነው የሚመስለው። ለዚህ ጀርባው ተደፍኖ የውጭ ድምፅ የሚከለክለው ዝጉ ይሻላል፣ ይገባኛል። ግን የዚህን ከተማ ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በሚያዝያ ዝግ ሄድፎን አድርጌ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮዬ በላብ ይርሳል።

ባለፈው ጣና ዳር ቁጭ ብለን የጓደኛዬን ክፍት ሄድፎን (ጀርባው አየርና ድምፅ የሚያሳልፈውን) ሞከርኩት። ወይ ጉድ! የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፍቀው እንኳ ለብቻው ይሰማል፣ ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይሆን ከፊት ለፊቴ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ቤዙ ግን ሳሳብኝ። ደግሞ ድምፅ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ እሱ አጠገቤ ሆኖ አብሮ ሲዘፍን ነበር። ማታ ማታ ከአከራዬ ጋር ግድግዳችን አንድ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በጊዜ ነው የሚተኙት።

የማዳምጠው በስልክ ነው። ክፍቱ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 አማረኝ፣ ግን የኤሌክትሪክ መቋቋሙ (ኢምፒዳንሱ) ከፍ ያለ፣ 300 ኦም ስለሆነ ያለ ማጉያ ስልኬ በደንብ የሚገፋው አይመስለኝም። ዝጉ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ 38 ኦም ነው፣ በስልክም ይሄዳል። ገመድ አልባ አትበሉኝ፣ ቻርጅ ማድረግ ሰልችቶኛል።

ጫጫታ ሰፈር ሆኖ ክፍት የሚጠቀም አለ? ወይስ ዝጉን ገዝቼ ስፖንጁን በጨርቅ ብቀይረው ላቡ ይቀንስልኛል? ቤዙስ አይጎዳም?