ሥራ ያሳዩኝን ሰው እንዴት ላመስግን? ሳላሰለችስ እንዴት ልማርባቸው?

የሐረጎ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጀማሪ የማሽን መካኒክ ነኝ። በክፍላችን አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ፤ እጃቸው የተባረከ ነው፣ ወሬ ግን አይወዱም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መስመሩ እየሮጠ ሳላሰለቻቸው እንዴት ልማር? እስካሁን ላሳዩኝስ ምን ባደርግ ይመጥናል? ብር ይሰጣል? እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ።

ካቻቢቴ፦
አብሽር ወንድሜ። «ሥራ ያስተምሩኝ» ብለህ አትሂድ፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም መልስ የለውም። ጠበብ ያለ ጥያቄ ይዘህ ሂድ።

ባለ አንድ መርፌ ማሽን ስፌት ይዘላል እንበል። መጀመሪያ መርፌውን ቀይር። እስከ ላይ ድረስ መግባቱን፣ ጎድጓዳው ጎኑ ወደ ሁኩ (ከሥር ሆኖ የመርፌውን ክር ወደሚይዘው መንጠቆ) መዞሩን እይ። የመርፌው ቁጥር ከጨርቁና ከክሩ ጋር ይሄዳል? ክሩንም ፈትተህ እንደገና አስገባው። አሁንም ከዘለለ ታይሚንጉ ላይ ግባ፦ መርፌው ታች ደርሶ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲል የሁኩ ሹል ጫፍ መርፌው መሀል ላይ መድረስ አለበት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ደግሞ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ግን እንዳይነካካም።

ይህን ጨርሰህ «ሁሉን አየሁ፣ ወፍራም መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚዘለው፣ ምን ቀረኝ?» በላቸው። ምናልባት «የእግሩን ግፊት ጨምርለት» ብለው ይሄዳሉ። እግሩ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ክፍል ነው፤ ጨርቁ ከመርፌው ጋር አብሮ እየተነሳ ኖሯል ማለት ነው። አንዲት ቃል ናት፣ ግን አንተ ሌላውን ሁሉ ስላጣራህ ትገባሃለች።

መስመር ቆሞ ሱፐርቫይዘር ሲጮህ አትጠይቅ። ያኔ መሣሪያ አቀብል፣ እጃቸውን እይ። ጥያቄውን ፈረቃ ሊያልቅ ሲል አሥር ደቂቃ ጠብቀህ አንሳ። ደብተር ይኑርህ፦ ቀን፣ የማሽን ቁጥር፣ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ ምን እንዳዳነው። አንጋፋ ሰው የሚሰለቸው ያንኑ ነገር ሁለቴ ስትጠይቀው ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የነበረበትን ቦታ በማርከር ሳያመለክቱ ብሎን መፍታት ነው፤ ያበላሸኸውን ፈልገው የሚያገኙት እሳቸው ናቸውና።

ሰው ሀብት፦
ብር በፍጹም። አፈጻጸምህን የሚሞሉልህ እሳቸው ከሆኑ ስሙ ሌላ ይሆናል። በተለይ የሙከራ ጊዜህን (በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም) ካልጨረስክ ስጦታ የሚባል ነገር አታንሳ።

የሚጠቅማቸው ደብዳቤ ነው። «ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ» በለው፣ ለክፍል ኃላፊው ጻፈው፣ ግልባጭ ለሰው ሀብትና ለግል ማኅደራቸው። ኃላፊውን ዘለህ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ከሄድክ ሰውየውን ከአለቃቸው ጋር ታቃቅራቸዋለህ። «ላደረጉልኝ ሁለገብ ትብብር» የሚል ደብዳቤ ማንም አያነበውም። ምን እንዳሳዩህ፣ ከዚያ ወዲህ ብቻህን የምትጠግነው ምን እንደሆነ በስሙ ጻፍ። የደረጃ እድገት ሲመጣ ማኅደር ይገለጣል፣ የቃል ምስጋና ግን እዚያ ውስጥ የለም።

የቧንቧ ውሃ ሰው፦
ቤታቸው ከሄድክ ሥጋ ነክ ነገር አትያዝ፤ በግም ቢሆን ከነነፍሱ ነው እንጂ። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይበቃል። በረመዳን ከሆነ ቀን ላይ ሄደህ አታድክማቸው፣ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ቡና ከቀረበ እስከ በረካው ተቀመጥ፤ ሲመርቁህ እጅህን ዘርግተህ «አሚን» በል። በአቦሉ የሚነሳ ሰው ጉዳይ ፈልጎ የመጣ ነው የሚመስለው።

ደግሞስ በእኛ አገር ደረሳው ለሸኹ ውሃ ይቀዳል፣ የቆሎ ተማሪውም ለየኔታ እንጨት ይለቅማል። አንተም ጉልበታቸውን የሚያሳርፍ ነገር ፈልግ። ማሽን ማጽዳቱን፣ ዘይት ማየቱን፣ የጥገና መዝገብ መሙላቱን ሳይሉህ ውሰድላቸው።

ጫፍ ያዥ፦
በላይኞቹ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ሰው ላይ ብቻ አትንጠልጠል። ሙያ የሚደብቅ አንጋፋም ሞልቷል፤ ወጣቱ ቦታዬን ይወስድብኛል ብሎ ይሰጋል። መፍትሔው አንተም ሰጪ መሆን ነው። አዲሶቹ ሰርቮ ሞተር (በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሞተር) ያላቸው ማሽኖች ስክሪን ላይ የስህተት ቁጥር ያወጣሉ፤ ማኑዋሉ እንግሊዝኛ ነው። የቁጥሮቹን ትርጉም በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈህ ሳጥናቸው ክዳን ላይ ለጥፍላቸው። ከኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚመጡትን ልጆችም አንዱን ያዝና አንተ የተማርከውን አሳየው። ነገሩ ጆሯቸው ይደርሳል።

የሐረጎ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ብያለሁ 😄 ደብዳቤውን ለእሳቸውም ልስጣቸው?

ሰው ሀብት፦
አዎ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ማኅተም ያረፈበትን አንድ ቅጂ በእጃቸው ስጥ። ሰው ፊት ግን አታንብብላቸው፤ ወሬ አይወዱም ብለሃል።