ቀይ ባሕር ላይ ነዳጅ ቢፈስ ማነው የሚከፍለው?

ትራንዚተሩ፦ ሰላም ናችሁ ልጆች፣ እኔ የጅቡቲ መስመር ትራንዚት ነው የምሰራው፣ ቢሮ ክርክር ተነስቶ ነው፣ ሁቲዎች ታንከር መትተው ነዳጁ ቢፈስ የሚያፀዳው ማነው? የመን ናት፣ ባለመርከቡ ነው ወይስ ዩኤን? እኔ ዩኤን ነው ብያለሁ። ባሕር የለንም ምናገባን እንዳትሉኝ፣ እቃችን በዛው ነው የሚገባው።

መርከበኛው፦ በዓለም አቀፉ ስምምነት ህግ ባለመርከቡ ነው። ጥፋቱ የሱ ባይሆንም ይከፍላል፣ ከ2000 ቶን በላይ ነዳጅ የሚጭን መርከብ ደግሞ ኢንሹራንስ ግዴታው ነው። ካልበቃ ለንደን ያለው ለነዳጅ መፍሰስ ካሳ የሚከፍል ዓለም አቀፍ ፈንድ ይጨምርበታል፣ ብሩን የሚያዋጡት ነዳጅ የሚያስገቡት ካምፓኒዎች ናቸው። ግን በጦርነት ምክንያት ከፈሰሰ ባለመርከቡም ፈንዱም አይከፍሉም፣ ስምምነቱ ላይ በግልፅ ተፅፏል። መርከብ ላይ ያለን የሶፔፕ (ነዳጅ ሲፈስ የምንጠቀምበት) እቃ እንዳትለኝ ደሞ፣ እሱ የእንጨት ብናኝና አካፋ ነው፣ ደክ (የመርከቡ ወለል) ላይ ለፈሰሰች ትንሽ ነገር።

ትራንዚተሩ፦ እንዴ! ታዲያ በጦርነት ጊዜ ማን ሊደርስ ነው?

ሰላም ቲ፦ ፈቃደኛ የሆነ ነዋ። የ"ሳፈር"ን ጉዳይ እዩት፣ እኤአ 1976 የተሰራ አሮጌ መርከብ የመን ውስጥ ሆዴይዳ አጠገብ ራስ ኢሳ ላይ 1.1 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዞ ቆሞ ነበር፣ በጦርነቱ ምክንያት ከ2015 ጀምሮ ጥገና ቀረበት፣ ቢፈስ ማፅጃው 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተባለ። ዩኤን መንግስታትንም ካምፓኒዎችንም ተራ ሰውንም ለምኖ፣ በ55 ሚሊዮን ዶላር ሌላ ታንከር ገዝቶ፣ እንዳይፈነዳ መጀመሪያ ታንኮቹ ውስጥ ኢነርት ጋዝ (የማይቀጣጠል ጋዝ) ተነፍቶ፣ በ2023 ሐምሌ መጨረሻ ጀምረው በ18 ቀን ነዳጁን ወደ አዲሱ ታንከር ገለበጡት። ኢንሹራንስ የሚሰጥ ማግኘት ራሱ ፈተና ነበር። የሚያበሽቀኝ ግን ብሩ እስኪሞላ ስንት ዓመት መጠበቁ ነው፣ ከማፅጃው ጋር ሲተያይ እኮ ሳንቲም ነው።

መርከበኛው፦ "ሱኒዮን" የሚባል ታንከርም አለ። 2024 ነሐሴ ላይ ሁቲዎች መቱት፣ 1 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይዞ ለሳምንታት ነደደ። ጎታች ጀልባ ቢመጣም መቺዎቹ ራሳቸው ካልፈቀዱ ማን ይጠጋል? እነሱ እሺ ሲሉ ነው በአውሮፓ ህብረት የጦር መርከቦች ታጅቦ ተጎትቶ የወጣው። ደግነቱ ጭነቱ አልፈሰሰም።

ትራንዚተሩ፦ ዋው። ባለመርከቡ ነው ካለው ልጅ ጋር ምሳ ተወራርደን ነበር፣ አሁን ምሳውን ማነው የሚከፍለው ሃሃሃ