«በዘመኑ» የቱ ዘመን ነው?

ናርዶስ ዘብሪስቶል፦ ጋሽ መላኩ ትናንት ማታ፣ በ2020 ተቃዋሚዎች ብሪስቶል ወደብ ውስጥ ስለጣሉት የባሪያ ነጋዴው የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት፣ «ኮልስተንን ወደብ ውስጥ የወረወሩት ዱርዬዎች ናቸው፤ ሰውዬው በዘመኑ የሚሠራውን ነው የሠራው» ብለው ጻፉ፤ ሰዉም ላይክ በላይክ አደረገው። ይቅርታ ያድርጉልኝና «በዘመኑ» ሲሉ የቱን ዘመን ነው? (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ሰውዬው የሞተው በ1721 ነው። ሐውልቱ የቆመው በ1895። እንግሊዝ ባርነትን የሻረችበት ሕግ ከወጣ ስድሳ ምናምን ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

መላኩ፦ ልጄ፣ ሰውዬው ትምህርት ቤት አቁሟል፣ ለድሆች መጠለያ ሠርቷል። ስንቱ በሱ ገንዘብ ፊደል ቆጥሯል። ደግሞ ሕግ ባለበት አገር ገመድ አስሮ መጎተት ምን ይባላል? ዱርዬነት ነው።

ቴዲ፦ ሕግ ካሉማ ሐውልቱን ጣላችሁ ተብለው አራት ሰዎች ተከሰው በጥር 2022 የብሪስቶል ዳኝነት ሸንጎ በነጻ አሰናብቷቸዋል።

መላኩ፦ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምን አለ? ንብረት ሰባብረህ «መብቴ ነው» የሚለው መከራከሪያ ለእንዲህ ያለው ነገር አይሠራም አለ። ግማሹን አታንብብ።

ቴዲ፦ እርስዎም ግማሹን ነው ያነበቡት። የልጆቹን ነጻ መውጣት አልነካውም።

ናርዶስ ዘብሪስቶል፦ ከ«በዘመኑ» አታሽሹኝ። በሕጋዊ መንገድም ተሞክሯል እኮ! በ2018 ከሥሩ ማብራሪያ ሊለጠፍ ነበር። አንዱ ቃል ይውጣ፣ ሌላው ይግባ ሲባል ሳይለጠፍ ቀረ። እስከ ሰኔ 2020 ድረስ ተነባቢው የድሮው ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ከከተማዋ «ምግባረ መልካምና ጥበበኛ» ልጆች አንዱ ይላል። ኮልስተን አባል የነበረበት ባሪያ ነጋዴው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ፣ እሱ በነበረበት ጊዜ ወደ 84,000 ሰው እንደጫነ፣ ከ19,000 በላይ ደግሞ መንገድ ላይ እንዳለቀ ይገመታል። ምግባሩ ይሄ ነው?

አባ ዳኘው ነኝ፦ 1895 እኮ ምኒልክ ክተት ብለው ወደ ሰሜን የተንቀሳቀሱበት ዓመት ነው! እኛ ለነጻነት ስንዘምት እነሱ ለባሪያ ፈንጋይ ሐውልት ይመርቃሉ።

ሽመልስ፦ እንዴ፣ አድዋን ምን ጎትቶ አመጣት? «በዘመኑ»ን ካነሳችሁ ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ባርነትን ጨርሰን በአዋጅ የሻርነው በ1942 ነው። በ1923 መንግሥታት ማኅበር ልንገባ ስንል ያስጨነቀንስ ይኸው ጉዳይ አልነበረም? የስንቶቻችን አያቶች ቤት እንጨት የሚፈልጠው ማን ነበር?

አባ ዳኘው ነኝ፦ የራስህን አያት ተናገር።

ሽመልስ፦ የራሴን ነው የምናገረው።

መላኩ፦ ይኸው! በዘመኑ ማለት ይሄ ነው። ሽመልስ አያትህን ልትጎትት ነው?

ናርዶስ ዘብሪስቶል፦ የሽመልስ አያት አደባባይ መሀል በነሐስ አልቆሙም ጋሽዬ።

ሽመልስ፦ ሐውልት ባናቆምም ስድቡን እስካሁን ሳሎናችን ውስጥ አቆይተነዋል። ልጄ ከአጎቷ አፍ ሰምታ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ቴዲ፦ ሰዎች፣ ከመጨቃጨቅ ብሪስቶል ኤም ሼድ ሙዚየም ሄዳችሁ ሐውልቱን እዩት። ተጋድሞ ነው ያለው። ቀይና ሰማያዊ ቀለሙን አላነሱለትም፣ እንደተቀባ ነው። ሲያጸዱት ከጭቃው ጋር የብስክሌት ጎማ ወጣ፤ ከኮቱ ጭራ ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ የ1895 መጽሔት። ሐውልቱን ያቆሙት ሠራተኞች ስማቸውን በእጃቸው ጽፈውበታል። እኔን ከሁሉም ያስደነቀኝ እሱ ነው።

መላኩ፦ እንዲህ ካስደነቀህ ድሮውንም በቦታው ቢቆይ ምን ነበረበት?

ቴዲ፦ በቦታው ቢቆይ መጽሔቱን ማን ያገኘው ነበር?

ሄለን ታክሲ፦ 😂😂 እኔ የማልፈው በፔሮ ድልድይ ነው። ፔሮ ከኔቪስ ደሴት የመጣ፣ የብሪስቶሉ ስኳር ነጋዴ የፒኒ ቤት ባሪያ ነበር። ኮልስተንን የጣሉት እዚያው አጠገብ ነው። ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባርነት ሲሻር የእንግሊዝ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የከፈለው ለባሮቹ አይደለም፣ ለባለቤቶቹ ነው! ተበድሮ። ብድሩ ተከፍሎ ያለቀው በ2015። እኔ በ2008 ገብቼ ሌሊት ሌሊት እየነዳሁ ስገብር ለማን እንደምከፍል አስቡት።

አባ ዳኘው ነኝ፦ ሄለን ይሄን ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽንም?

ሄለን ታክሲ፦ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ናርዶስ ዘብሪስቶል፦ ጋሽ መላኩ፣ ይሄኛውም «በዘመኑ» ነው? 2015?

መላኩ፦ ብድር ብድር ነው፣ ሐውልት ሐውልት ነው። አታምታቱ። ሙዚየሙ መግቢያው ስንት ነው?

ቴዲ፦ በነጻ ነው።

መላኩ፦ እንግዲያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቅ እላለሁ። ዱርዬ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ናርዶስ ዘብሪስቶል፦ ከእኔ ጋር ይሂዱ፣ ጽሑፉን አነብልዎታለሁ።

መላኩ፦ እንግሊዝኛ ከአንቺ በፊት ነው የተማርኩት።

ሽመልስ፦ እኔ ያነሳሁትን ሁላችሁም ዘላችሁት አለፋችሁ፣ አይደል?