በእህቴ የደም ምርመራ ውጤት ላይ ያልገባኝን የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። የፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታላቅ እህቴ አንጎል ሥር ባለችው በፒቱታሪ ዕጢዋ ላይ በወጣ እብጠት የተነሣ የእድገት ሆርሞኗ ከመጠን አልፏል፤ አክሮሜጋሊ ነው ተብላ ቀዶ ሕክምና እየተጠባበቀች ነው። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ላይ አልገባ ካለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል።

ሆርሞኑ ኩላሊት ሶዲየም እንዲያስቀር እንደሚያደርግ አንብቤያለሁ። ውሃውም ተከትሎት ስለሚቀር በደሟ ያለው ሶዲየም 140 ሆኖ ጤናማ መምሰሉ አልገረመኝም። ፎስፌቷ ግን 5.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ደርሷል፤ የአዋቂ ጣሪያ 4.5 ገደማ ነው። ይህም ኩላሊቷ ፎስፌትን አብዝቶ መልሶ ስለሚመጥ መሆኑን ተረድቻለሁ።

የተቸገርኩት በፖታሲየም ነው። ሶዲየሙ የሚቀረው በአልዶስቴሮን (ኩላሊት ሶዲየም እንዲያስቀርና ፖታሲየም እንዲያስወጣ በሚያደርገው ሌላ ሆርሞን) አማካይነት ቢሆን ኖሮ ፖታሲየሟ መውረድ አልነበረበትም? የእርሷ ግን 4.3 ነው፤ ጤናማ ማለት ነው። ታዲያ የእድገት ሆርሞኑ የኩላሊትን የሶዲየም መተላለፊያ ራሱ በቀጥታ ይከፍታል ማለት ነው? ሦስት ሌሊት መጽሐፍ ሳገላብጥ አደርኩ።

ደግሞስ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ጨው መቀነሷ የእግሯን እብጠት ያቀልላት ይሆን? ሐኪሟን የምናገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ብዬ እንደምጠይቀው እንኳ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።