እንጉዳዬ ዲፒፒኤችን ቢጫ አደረገው፣ ባክቴሪያውን ግን አልነካውም። ለምን?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከጫካ የለቀምኩትን እንጉዳይ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በሜታኖል ዘፍዝፌ ኤክስትራክት (ጭማቂውን) አወጣሁ። ዲፒፒኤች (አንቲኦክሲዳንት መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ መፈተሻ) ላይ ጉድ ነው የሠራው፤ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆነ። በማግስቱ በደስታ ባክቴሪያ ላይ ሞከርኩት። ኢ ኮላይ ላይ ምንም የለም። ስታፍ ኦሪየስ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ዞን፣ ማለትም ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ፣ አገኘሁ (ኤክስትራክቱን የያዘው ክብ ወረቀት፣ ዲስኩ ራሱ 6 ነው)። ኤክስትራክት የሌለበት፣ ማሟሚያው ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ዲስክ ደግሞ 8 ሰጠኝ! አማካሪዬ “ድገሚው” ብሎኝ ሄደ። ምኑን ልድገም? አንቲኦክሲዳንቱ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ እንዴት ባክቴሪያ መግደል ያቅተዋል?

የፕሌት ወዳጅ፦
እህቴ፣ ሁለቱ እኮ ለየቅል ናቸው። ዲፒፒኤች ኤሌክትሮን ጎድሎት የሚቅበዘበዝ ሞለኪውል ነው። የሚሰጠው ሲያገኝ ይረጋጋል፣ በ517 ናኖ ሜትር ላይ የሚመጠው ብርሃን ንባብ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቪታሚን ሲም ብትጨምሪበት ቢጫ ይሆናል። ባክቴሪያ መግደል ሌላ ሙያ ነው፤ ሽፋኑን መብሳት ወይም ፕሮቲን መሥሪያውን መያዝ ይጠይቃል። ኢ ኮላይማ ግራም ኔጌቲቭ ስለሆነ በላዩ ላይ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ደርቧል።

ከእንጉዳይ አንቲባዮቲክ አይወጣም እያልኩሽ አይደለም። ፕሊውሮሙቲሊን እ.ኤ.አ. በ1951 የተገኘው ከእንጉዳይ ነው፤ ራይቦዞም ላይ ተጣብቆ ፕሮቲን ሥራን ያስቆማል። ከእሱ የተሠራው ሌፋሙሊን አሜሪካ ውስጥ ለሳንባ ምች ሕክምና የተፈቀደው ግን በ2019 ነው። እስቲ አስቢው፣ 68 ዓመት!

ወደ ፕሌትሽ (ባክቴሪያ ወዳሳደግሽበት ሳህን) ልመለስ። የ8 እና የ9 ልዩነት የማስመሪያ ልዩነት ነው፤ የገደለው ዲኤምኤስኦው ሊሆን ይችላል። እኔም አንዴ የሚያምር 14 ሚሊ ሜትር ዞን አግኝቼ ሦስት ሳምንት ስፎክር ከረምኩ። ለካ ሜታኖሉ ከዲስኩ ላይ ተንኖ አላለቀም ነበር። ባዶ የሜታኖል ዲስክ ሳስቀምጥ ያው ክብ ቁጭ! ያፈርኩትን ማፈር አትጠይቂኝ።

ደግሞ ዲስክ ላይ ዞን ጠፋ ማለት ኤክስትራክቱ ሞተ ማለት አይደለም። ውሃ የማይወዱ ንጥረ ነገሮች አጋር (ባክቴሪያው የሚያድግበት ጄል) ውስጥ እንደልብ አይሰራጩም፣ ዲስኩ ሥር ተኮራምተው ይቀራሉ። ባለ 96 ጉድጓዱን ፕሌት ተጠቀሚና በብሮዝ (የባክቴሪያ ፈሳሽ ምግብ) ውስጥ እየበረዝሽ ኤምአይሲ፣ ማለትም እድገትን የሚያስቆመውን ትንሹን መጠን፣ ለኪ። ኤክስትራክትሽ ጠቆር ያለ ከሆነ ድፍርሱን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር ሬሳዙሪን የሚባለውን ቀለም ጨምሪ። ሰማያዊ ከቀረ እድገት የለም፣ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው በሕይወት አለ።

እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ኤሌክትሮን መስጠት የሚወድ ኤክስትራክት ባክቴሪያ ሳይኖርም ሬሳዙሪኑን ራሱ ሮዝ ሊያደርገው ይችላል። ያንቺ ደግሞ ሰጪ መሆኑን ዲፒፒኤች ነግሮሻል። ስለዚህ ኤክስትራክትና ብሮዝ ብቻ ያለበት፣ ባክቴሪያ ያልገባበት ጉድጓድ የግድ ይኑርሽ።

ጫካ ለጫካ፦
ከሁሉ በፊት የእንጉዳዩ ዝርያ ታውቋል ወይ? “የዱር እንጉዳይ” ብሎ ማቅረብ አያስኬድም። ስፖሩን ነጭና ጥቁር ወረቀት ላይ አስጥለሽ ቀለሙን እዪ፣ ናሙና አስቀምጪ፣ ባለሙያ ይየው። ደግሞ አንቲኦክሲዳንት አለው ተብሎ እንዳይቀመስ! አማቶክሲን ያለበት እንጉዳይ ቢደርቅም ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። ሕመሙም የሚጀምረው ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰው ተርፌያለሁ ብሎ ይዘናጋል።

ተመራቂዋ፦
ኧረ አልቀምስም! ዲኤምኤስኦው ግን ምንም ያልተበረዘ ነበር። ጥፋቱ እሱ ነው?

የፕሌት ወዳጅ፦
ይመስለኛል። ስቶኩን (ዋናውን የኤክስትራክት ድብልቅ) በዲኤምኤስኦ ወፈር አድርገሽ ሥሪና ጉድጓዱ ውስጥ ሲደርስ 1 በመቶ እንዲሆን በብሮዝ በርዢው። ኮንትሮሉም (ኤክስትራክት የሌለበት ማነጻጸሪያው) ያው 1 በመቶ ይሁን።

ተመራቂዋ፦
እሺ፣ ሰኞ እጀምራለሁ። ለዝርያው ግን ሳይፈጭ የቀረኝ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። እሱን ደብቄዋለሁ።