የአድዋ ጦር ብዛት፦ የትኛው መጽሐፍ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል?

ተመራቂው፦ ጤና ይስጥልኝ። አድዋ ላይ የተሰለፈውን የኢትዮጵያ ጦር ብዛት እየፈለግሁ ነው። አማካሪዬ አንዱ መጽሐፍ ላይ አስምሮ «ይኼ ለሕዝብ ንባብ የተጻፈ ነው፤ የምርምር ሥራ አምጣ» አለኝ። መጽሐፉ ግን 400 ገጽ ነው፣ ደራሲው ዶክተር ነው፣ መጨረሻው ላይም ዋቢ መጻሕፍት ተዘርዝረዋል። ታዲያ በምን ይለያል?

ሉሊት፦ የምን ዶክተር? ሙያው ታሪክ ካልሆነ ማዕረጉ እዚህ ብዙም አይረዳህ። ዝርዝሩንም ተወው። ቁጥሩ ያለበትን ገጽ ግለጥና የግርጌ ማስታወሻ ፈልግ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጎራ በል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ጆርናል አላቸው። የምርምር ጆርናል ላይ የሚወጣን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች ይገመግሙታል። ያው ፕሮፌሰር ለየካቲት 23 ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ግን እንደዚያ አይታይም፤ ስሙን ብቻ አይተህ አትጥቀስ።

ተመራቂው፦ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕልስ? የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የጄኔራል ባራቲዬሪ ማስታወሻስ?

ሉሊት፦ እነሱ ለሕዝብ ንባብ ከተጻፉትም ከምርምር ሥራዎችም አይደሉም፤ ቀዳሚ ምንጮች ናቸው፣ የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው የጻፏቸው። መጥቀስ ትችላለህ፣ ግን ማን ለምን እንደጻፈው እየጠየቅህ። አንዱ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰው ነው። ሌላው ተሸንፎ ጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ የወጣ፣ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1898 ያሳተመ ጄኔራል ነው። የጠላቱ ጦር በዛ ቢባል ለማን እንደሚጠቅም አስበው።

የጣሊያን ጦር መዝገብ ስለነበረው 17,700 ገደማ መሆኑ ብዙ አያከራክርም። የእኛ ግን ክተት ተብሎ እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች የየራሱን ጦር ይዞ ነው የዘመተው፤ ሁሉን ያጠቃለለ የስም ዝርዝር የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ምክንያቱን ያስረዳል። አንድ ቁጥር ብቻ በድፍረት የሚሰጥህን ጠርጥር።

ጋሽ መዝገቡ፦ ለሕዝብ የተጻፈው ሁሉ ግን ውሸት አይደለም። አንዳንዱ ከፕሮፌሰሮቹ ይልቅ ይነበባል! አቅጣጫ ያዝበት፣ ማስረጃህን ከሌላ አምጣ።

ተመራቂው፦ ገጹን አየሁት። «120,000 ጀግኖች» ይላል፣ ግርጌው ባዶ ነው። ነገ ተቋሙ እሄዳለሁ። መታወቂያ ይበቃል?

ጋሽ መዝገቡ፦ ከትምህርት ክፍልህ ደብዳቤም ያዝ፣ በር ላይ ቢጠይቁህ እንዳትመለስ።